ያልተሰቀለው የሰርጌ ፎቶ

ይህ የሆነው በ2006 ዓ.ም.፣ ከተዳርኩ በኋላ በነበሩት ወራት ነው። የሰርግ ፎቶ በየቤቱ አለ። የኔን ግን ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ለዚህ ነው ልጽፈው የተነሳሁት።

የተዳርኩት ከአጎቴ ከአያ ዘለቀ ቤት ነው። አባቴ የሞተው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ስለሆነ ያሳደጉኝም፣ ያስተማሩኝም፣ የዳሩኝም እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከዳንግላ ወጣ ብሎ በጋሪ የሚደረስበት ገጠር ነው።

የሰርጉ ዕለት፣ ሙሽራው ይዞኝ ሊወጣ ሲል፣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከዳሱ ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ፎቶ ይነሳ ተባለ። ሰዉ ብዙ ነው። ከዳንግላ ያመጣነው ፎቶ አንሺ ቢራራ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ፣ ቢያፈገፍግ አልበቃ አለው። በመጨረሻ ዕቃ ያመጣ ጋሪ ላይ ወጣ። ገና ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ፈረሱ በረገገ፣ ጋሪው ዘመመ፣ ቢራራም ከነካሜራው ተንገዳገደ። እንደ ምንም አንዷን ፎቶ አንስቶ ወረደ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነበር። እኔ በሙሽራ ወግ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ማን የት እንደቆመ በምን ልወቅ?

ከወር በኋላ ቢራራ ፎቶውን በትልቁ አጥቦ ሰጠኝ። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሙሽራ መቼም መጀመሪያ የምታየው ራሷን ነው። አምሮብኝ ስላገኘሁት ፍሬም አስገባሁለትና ከምሠራበት ከእንጅባራ በሚኒባስ፣ ከዳንግላ በጋሪ አድርጌ ለአያ ዘለቀ ወሰድኩላቸው።

ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

"አምሮብሻል ልጄ" አሉና ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፎቶ በር ሲገባ ፊት ለፊት ነው የሚሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ በጣቱ እየጠቆመ "ይሄ እገሌ ነው፣ ይቺ የእገሌ ልጅ ናት" እያለ ዘሩን ሁሉ ያስተዋውቃል። በሌላ ጊዜ ስመለስ ግን ግድግዳው ባዶ ነው።

"አሁን ተመርጎ እኮ ነው፤ ትንሽ ይድረቅ" አሉኝ።

ግድግዳው እንኳን ሊደርቅ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ነገሩን የገለጡልኝ ሚስታቸው ናቸው። ጓሮ ወሰዱኝና "ቆጥ ላይ አስቀምጠውታል። ጎረቤት መጥቶ 'ልጅ ድረህ አንተ የታለህ?' ቢላቸው ምን ይመልሱ?" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያሳደጉኝ ሰው ከሰርጌ ፎቶ የሉም! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና በማግስቱ ቢራራ ሱቅ ሄጄ ጮህኩበት። እሱ ቅር እንኳ አላለውም።

"ምን ያስጮህሻል እህቴ? ብቻቸውን የተነሱትን አምጪልኝ፣ በፎቶሾፕ አጠገብሽ አቆምልሻለሁ" አለኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ አያ ዘለቀ ተመለስኩና ፎቶ ይነሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ቢራራ በኮምፒውተር እኔ አጠገብ ያቆምዎታል።"

ፊታቸው ተለወጠ። "አንቺ አጠገብ መች ቆምኩ? ያ ፈረስ ሲበረግግ ሮጬ ልጓሙን የያዝኩት እኔ አይደለሁ? ልጁ ከጋሪ ወድቆ ቢሰበር ኖሮ የሰርግሽ ቀን በምን ይነሳ ነበር? ባልነበርኩበት አታቁሙኝ ልጄ፤ አልፈልግም" አሉ።

ይህን ስሰማ የባሰ ከፋኝ። ለኔ ሰርግ ብለው ከሰልፍ የወጡ ሰው ናቸው ለካ። ሄጄ ለቢራራ ነገርኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያነሳውን፣ ምንም ያልተነካውን ፎቶ ፈለገ።

ጉድ ነው! ጋሪው ዘሞ ስለነበር ፎቶውም ዘሟል። ሰርገኛው በሙሉ ቁልቁል የሚንሸራተት ይመስላል። ከታች በግራ በኩል ጥጉ ላይ የፈረስ ጆሮ አለ። ከጆሮው አጠገብ ደግሞ ልጓም የያዘ እጅ፣ ነጭ ጋቢ፣ ከወገብ በላይ አያ ዘለቀ!

ቢራራ ግንባሩን መታ። ፎቶው ቀጥ እንዲል ብሎ አዙሮት ነበር። ሲዞር ጥጎቹ ከገጹ ውጭ ስለሚወጡ ዙሪያውን ከርክሞ ጣላቸው።

"የፈረስ ጆሮ ብቻ መስሎኝ እኮ ነው የቆረጥኩት" አለኝ። ተናድጄ ልሰድበው ስል ሳቅ ቀደመኝ፤ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

እንደገና አዞረው። አሁን ግን ከመቁረጥ ይልቅ ፎቶው የሚያርፍበትን ገጽ፣ እነሱ ካንቫስ የሚሉትን፣ በአራቱም በኩል አሰፋው። ማንም አልተቆረጠም። ዘመዱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አያ ዘለቀም ገቡ። ብቻ አራቱ ጥጎች ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነ ነጭ ባዶ ቀረ።

"ይሄን ከላይ በሰማይ፣ ከታች በሳር ልሙላልሽ?" አለኝ።

"ያልነበረ ሳር አታብቅልብኝ፤ እንዲሁ ይሁን" አልኩት።

አዲሱን አሳጥቤ የወሰድኩላቸው ቀን፣ አያ ዘለቀ ፎቶውን እንደ በፊቱ ወደ በሩ ወሰዱት። ጣታቸው ቀጥ ብሎ ጥጉ ላይ አረፈ።

"ይኸው ፈረሱ!" ብለው ጮኹ። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። ወዲያው መዶሻ አምጡ አሉና ምስማሩን በገዛ እጃቸው መቱት።

"ግድግዳው ደረቀ እንዴ አያ?" አልኳቸው።

"ዛሬ ጠዋት ደረቀ" አሉ ሳይስቁ።

ፎቶው አሁንም እዚያው አለ። እንግዳ ሁሉ ስለ ነጮቹ ጥጎች ይጠይቃል፤ እሳቸውም የጋሪውን ነገር ከእልልታው ጀምረው ይተርካሉ። ዘመድ ማስተዋወቁ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

እኔ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ፊቱ ቆሜ አየዋለሁ፣ ደስታም ይሞላኛል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ጋሪው ላይ የሚንገዳገደውን ቢራራን ነው። አያ ዘለቀ ብቻ፣ ልጓሙን እንደጨበጡ አንገታቸውን አዙረው የሚያዩት እኔን ነው። አጠገቤ ቆመው ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚያዩኝ ሳላውቅ እቀር ነበር።