ዝናሽ ያደለችው አፈር

ዝናሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬም፣ ጅራፍም፣ ሞፈርም አላት፤ የሚያርስ ወንድ ብቻ ነው የሌላት። ከአርብ ገበያ ቁልቁል ባለችው የወንዝ ዳር ማሳዋ የቲማቲም ችግኝ ታፈላና ለጎረቤት ታድላለች። እነሱ ደግሞ ተራ ገብተው የላይኛውን የገብስ መሬቷን ያርሱላታል። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች።

አምና ቲማቲሙ ቀጨጨ። ውሃ ጠጥቶም ቀትር ላይ ይጠወልጋል። አንዱን ብትነቅለው ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ በቋጠሮ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። ዝናሽ ግን ስልጠና የወሰደች ሴት ናት፤ አንድ ቀን፣ እስከ ምሳ። አሰልጣኙ ባቄላ ነቅሎ «ይህ ቋጠሮ አፈር ያለማል» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ስለ ቲማቲም የተነገረው ከምሳ በኋላ ነበር።

ጎረቤቷን ጠራችው። «ይበልጣል! ና እይ! ቲማቲሜ የባቄላ ሥር አወጣ!»

«ቅጠሉ ግን ቢጫ ነው እኮ፣ እታለም።»

«ቅጠል ምን ያውቃል?»

ችግኙን ከነአፈሩ በቅርጫት አደለች። «አፈሩን እንዳታራግፉ» እያለች። አምስት ቤት መርቆ ተሸክሞ ሄደ።

ዘንድሮ የአምስቱም ማሳ ቀጨጨ። ማስተዋል የምትባል አዲስ የግብርና ባለሙያ መጥታ ሥሩን በምላጭ ሰነጠቀችው።

«ትል ነው፣ እትዬ ዝናሽ። በዓይን አይታይም። ሥር ውስጥ ይገባና ምራቁን ይተፋበታል። ያኔ የሥሩ ህዋስ የራሱን ሥራ ይረሳል፤ ያብጣል፣ ይገዝፋል፣ የተክሉን ምግብ እየሳበ ትሉን ይቀልባል። ትሉ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም፤ ተቀምጦ መብላት ነው።»

«የባቄላውስ?»

«እሱ ሌላ ነው። በጣት ሲነካ ይረግፋል። ይሄ ግን ያበጠው ሥሩ ራሱ ነው። አፈሩን ከቦታው አታንቀሳቅሱ።»

ይበልጣል ሳቀ። ደግ ሳቅ አልነበረም። «ሰማሽ እታለም? እኔ እኮ በትከሻዬ ነው ያንቀሳቀስኩት።»

እርሻ ሲደርስ ማንም አልመጣም። ዝናሽ በየቤቱ ዞረች። አንዱ በሬው ታሞበታል፤ አንዱን ወገቡን አሞታል። አንዱ ቤት ባልየው ራሱ ከውስጥ ሆኖ «የለም» አላት።

ሁለት ሳምንት ዝናብ ባከነ። በመጨረሻ ይበልጣል መጣ።

«አርስልሻለሁ። ምርቱ እኩል።»

«በበሬዬ? በዘሬ?»

«በበሬሽ፣ በዘርሽ። ምሳዬም ባንቺ።»

«በሥላሴ፣ ይበልጣል!»

«የኔ ማሳ ዘንድሮ ምን አበላኝ?»

ዝናሽ ሞፈሩን አውጥታ ሰጠችው። ቀትር ላይ ምሳውን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ቀምሶ፣ ወጡ ጨው አንሶታል አላት።

ወርዳ ጨው አመጣችለት።