ዘርፉ የጻፈችው «ገና»

ዘርፉ አማርኛ ስታወራ ወለንጪቲ ዳር ተወልዳ እንዳደገች የሚለይባት የለም። ቁጥር ሲመጣ ግን ይለያል። የዝናብ መዝገብ ስትደምር በከንፈሯ ውስጥ በኦሮምኛ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እንደምትል አብረዋት የሠሩ ሁሉ ያውቃሉ። ሰው የሚኖርበት ቋንቋ አንድ፣ የሚቆጥርበት ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን በወጉ የነገረን የለም።

አዳማ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሥራዋ ከየወረዳው የሚመጣውን የዝናብ ልክ መመዝገብና የዘር ዝናብ ገባ ወይስ አልገባም የሚለውን አስልቶ ማውጣት ነው። ውጤቱ ለልማት ሠራተኞች በስልክ መልእክት ይላካል፤ እነሱም ለገበሬው ያደርሳሉ። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስታትስቲክስ ቢሆንም ኮምፒዩተሩን ራሷ ታግላ ነው የለመደችው፤ በ1995 ዓ.ም. ይህን ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈች።

የጻፈችበት የኮምፒዩተር ቋንቋ ፐርል ይባላል። ፐርል እንደ መናኸሪያ ደላላ ነው፤ ከሁሉም ጋር ይግባባል፣ የተዝረከረከ ወረቀት ያነባል፣ የወረዳ ስም በአምስት ዓይነት ቢጻፍለት አይደናገርም። ሸክም ግን አይችልም። የሠላሳ ዓመት ዝናብ ቀን በቀን ቁጠር ሲባል በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ከጠዋት እስከ ማታ ያቃስት ነበር። ሲ የሚባለው ሌላው ቋንቋ ወዛደር ነው፤ ወሬ አያውቅም፣ ያሸከሙትን ይሸከማል። ዘርፉ አንዱን ለሌላው ብላ አልተወችም። እዚያው ፐርሉ መካከል አንድ የምልክት መስመር አሰመረችና ከሥሩ አርባ መስመር ሲ ጻፈች። ፐርሉ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ቁራጭ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ያስለውጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገዛ ራሱ አካል ይጠራዋል። ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ አለቀ።

በፐርሉ ውስጥ ያሉት ስሞች እንግሊዝኛ ነበሩ። በሲው ውስጥ ያሉት ኦሮምኛ ሆኑ። አስባ ያደረገችው አይደለም፤ ስሌቱን ስትጽፍ እየቆጠረች ነበር። ማብራሪያም አልጻፈችም፤ ማን ያነበዋል ብላ!

ዘንድሮ ሊያነበው የሚገባ ሰው መጣ። ኃላፊው አብዱናሲር አንድ ቀን ወንበሯ አጠገብ ቆመ።

«እትዬ ዘርፉ፣ ነገ ጡረታ ሲወጡ ይሄን ማን ይከፍተዋል? ሁለት ቋንቋ በአንድ ፋይል።»

«አዳማ ተቀምጠህ ነው ሁለት ቋንቋ በአንድ አፍ የሚገርምህ?»

ሳቀ፤ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ሁሉም ነገር በአንድ ቋንቋ፣ በፓይዘን፣ እንደገና እንዲጻፍ ለያቤጽ ሰጠው። ያቤጽ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ወንጌላዊ ናቸው፤ እሱም አዳማ ተወልዶ ኦሮምኛው ከገበያ ዋጋ ክርክር አያልፍም። ሥራ ግን ያውቃል። በአንድ ወር ጨረሰው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ውጤት አወጣ። «ቦሰት፦ የዘር ዝናብ ገብቷል፤ ይዘራ።» መልእክቱ በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ይሄዳል።

ዘርፉ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወለንጪቲ ያለችበት የቦሰት ወረዳ በመጋቢት አይዘራም። የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት አሳምሮ ይመጣል፤ ዘሩን ያበቅልና በግንቦት ትቶት ይሄዳል። ለክረምት የተቀመጠው ዘር አሁን ከተበተነ በሰኔ የሚዘራ አይኖርም። ይህን ታውቃለች። ደግሞም ብትናገር ምን እንደሚባል ታውቃለች፦ አሮጊቷ የራሷ ሲነካባት ቀናች። እውነትን ከምቀኝነት የሚለየው አንዳንዴ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ብቻ ነው። ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ሄደች።

«አብዱናሲር፣ ይሄ እንዳይሄድ።»

«ምክንያት?»

«የኔ ፕሮግራም አልገባም ይላል።»

«እትዬ፣ የእርስዎ ስለሆነ ብቻ…»

«እንደዚያ ትላለህ ብዬ መጥቻለሁ። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ስጠኝ። ስህተቱን ካላሳየሁህ ላከው።»

ከያቤጽ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። በግራ አሮጌው፣ በቀኝ አዲሱ ተከፈተ። መስመር በመስመር ወረዱ። ፐርሉን ሲያልፉ ልዩነት የለም። ሲው ላይ ሲደርሱ በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል ነበረ፤ ጎኑ 271 የሚል ቁጥር ቆሟል። በቀኝ በኩል በዚያው ቦታ 119 ሆኗል።

«ይሄን ለምን ለወጥከው?»

«አረምኩት እንጂ አልለወጥኩትም» አለ ያቤጽ። «ገና ይላል። ገና ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው። ከመስከረም አንድ ሲቆጠር መቶ አሥራ ዘጠነኛው ቀን። እርስዎ ተሳስተው መስሎኝ… ከገና ወዲህ ያለውን ዝናብ ፈልግ ማለት ነው ብዬ።»

ዘርፉ ገባት። ቃሉን አምኖ ቁጥሩን ጠረጠረ።

«የማን ገና?»

«የማን ማለት? ያው ገና ነዋ።»

«በኦሮምኛ ነው ያቤጽ። ገና ክረምት ነው። ሁለት መቶ ሰባ አንደኛው ቀን ሰኔ አንድ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የሚጥለውን ፈልግ ነው የሚለው።»

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከጣቶቹ መካከል «ገበሬውን ሁሉ ለገና ጨዋታ ላስወጣው ነበር» አለ።

«ጨዋታውስ ባልከፋ። ዘሩን ነበር የምታስበትነው።»

271 ተመልሶ ሲገባ አዲሱ ፕሮግራም ቦሰትን «አልገባም» አለ፤ እንደ አሮጌው። አርብ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አብዱናሲር ሁለቱን ወረቀቶች አስተያየና የመጀመሪያውን ቀደደ። ያም ሆኖ ሲው ይወጣል አለ። ዘርፉ አልተከራከረችም። የዛሬ ማሽን ወዛደር አያስፈልገውም፤ ይህንንም ታውቃለች።

መልእክቱ ሳይደርሰው የቀረው ቀነዓ፣ የወለንጪቲው የልማት ሠራተኛ፣ ረፋዱ ላይ ደወለ። ሰዉ ዝናቡን አይቶ በሬ ጠምዷል፣ ምን ልበላቸው ነው የሚለው። በኦሮምኛ መለሰችለት፤ አጭር ነበር። ይቆዩ።

ስልኩን ስታስቀምጥ ያቤጽ አዲሱን ፋይል ከፍቶ ጣቱን ቁጥሯ ላይ አድርጎ ይጠብቃት ነበር።

«ማብራሪያ ልጻፍበት። በምን ልጻፈው?»

«ለሚመጣው ሰው በሚገባው።»

«የሚመጣው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ዘርፉ ይህን ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ወንበሯን ሳበች።

«በሁለቱም ጻፈው» አለች፤ «የኦሮምኛውን እኔ እነግርሃለሁ።»