ከሙሽሮቹ ጀርባ

ዝናሽ ሰቆጣ ላይ ፎቶ ቤት ከመክፈቷ በፊት አምደወርቅ ተማሪ ነበረች። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ በሪሁን የሚባል መምህር ነበራቸው፤ ከደመወዙ የተረፈውን ሁሉ ካሜራና የካሜራ ዕቃ ላይ የሚያውል ሰው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የፎቶ ክበብ አቋቋመ። ሌሎቹ ተማሪዎች ለመነሳት ሲሻሙ፣ ዝናሽ ለማንሳት ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

ዝውውር ደርሶት ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አስጠራትና ጥቁር ቦርሳውን ሰጣት። ውስጡ አሮጌ ካሜራ፣ የማያቀርብና የማያርቅ አንድ ሌንስ፣ ሲፈልግ የሚበራ ፍላሽ ነበረ። አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ስታንድም ጨመረላት።

“ጋሼ፣ እርስዎስ በምን ሊያነሱ ነው?” አለችው።

“እኔ ሌላ እገዛለሁ። አንቺ ብቻ አደራ፣ አቧራ ሲነሳ ሌንሱን አትንቀይ።”

ያ ሌንስ ጠባይ ነበረው። ፊት ለፊት ያለውን ሰው ጥርት አድርጎ ያወጣል፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። ዝናሽ ሰቆጣ ገብታ ሥራ ስትጀምር ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ሙሽሮች ከጎረቤት ወረዳ ከጋዝጊብላ ሳይቀር “ጀርባው ጉም የሚመስለውን አንሺን” እያሉ ይመጡባት ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ከተማውን ለቃ ስትሸሽ ካሜራውንና የፎቶዎቹን ሃርድ ዲስክ በነጠላ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ስትመለስ ፎቶ ቤቷ ባዶ ነበር። ስታንዱ የለ፣ መብራቱ የለ፣ ማተሚያው የለ፤ ፏፏቴ የተሣለበት የግድግዳ መጋረጃ እንኳ ተወስዷል። ነጭ አንሶላ ሰቀለችና መታወቂያ የጠፋበትን ሰው ጉርድ ፎቶ በማንሳት እንደገና ጀመረች። ቀስ በቀስ ዕቃ ተተካ፣ ሠርግም ተመለሰ።

እማማ ውዴ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር በእግራቸው የመጡ፣ ጥቁር የለበሱ እናት ነበሩ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

“ፎቶ የምታነሺው አንቺ ነሽ?”

“አዎ እማማ፣ ይግቡ። ለመታወቂያ ነው?”

“ለእኔ አይደለም፣ ለልጄ ነው።”

“እንግዲያ እሱን ይዘውት ይምጡ።”

“የለም” አሉ። ዝናሽ ጥቁሩን ልብስ ያን ጊዜ ልብ ብላ አየችው።

ልጃቸው ምንዋጋው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ላይ ዓሣ ከሚያሰግሩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ነፋስ ተነስቶ ጀልባቸውን ገለበጠው። ጓደኞቹ ዋኝተው ወጡ፣ እሱ አልወጣም። ቢፈለግ ቢፈለግ ሬሳው አልተገኘም። መታወቂያውም ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበሩና አብረውት ቀሩ።

“ለቅሶ ተቀመጥን” አሉ እማማ ውዴ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ። “ሰው የሞተ ልጁን ፎቶ ይዞ ያለቅሳል። እኔ ሱሪውን ታቅፌ አለቀስኩ። አልቃሽ ስሙን ስትጠራ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ። አሁን አርባው እየደረሰ ነው። የጎረቤታችን የደግሰው ሠርግ ላይ ልጄ ጠላ ሲቀዳ ነበር። አንቺ ስታነሺ አይቼሻለሁ።”

ዝናሽ ኮምፒውተሩን ከፍታ የደግሰውን ሠርግ አወጣች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስታሳልፍ እናትየዋ ወደ ስክሪኑ እያዘነበሉ ያዩ ነበር። ሙሽራውና ሙሽሪት በሁሉም ላይ ፍክት ብለው ይታያሉ። ዳሱና ሰዉ ግን ጉም ነው። ያ ሰው ሁሉ የሚወድላት ነገር በዚያ ሰዓት አንገቷን አስደፋት።

በመጨረሻ አንድ ፎቶ ላይ ቆመች። ደግሰው ሚስቱን ሲያጎርሳት፣ ከትከሻው በላይ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰ ረጅም ልጅ ጆግ ከፍ አድርጎ ይዞ ዞር ብሏል። ዓይኑና አፉ የት የት እንደሆኑ ይገመታል እንጂ አይታይም።

“እሱ ነው” አሉ እማማ ውዴ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው። ከዚያም በኽምጣኛ ዝግ ብለው ተናገሩ። አምደወርቅ ያደገችው ዝናሽ ቋንቋውን በከፊል ትሰማለች፤ የሚያነጋግሩት ልጃቸውን እንጂ እሷን እንዳልሆነ ስለገባት አልመለሰችም።

ለደግሰው ደውላ ፈቃድ ጠየቀችው። “በሠርጌ ቀን ቆሞ ሲያስተናግድልኝ የዋለ ልጅ ነው። ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ስጪያቸው እንጂ” አላት።

ለእናትየዋ ግን፣ “ደብዛዛ ነው እማማ። አስተካክዬ ልስጥዎ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይመለሱ” አለቻቸው። ከሄዱ በኋላ ባሕር ዳር ላለው ለበሪሁን ነገሩን አጫወተችው።

“ላኪልኝ” አላት። “አሁን እኮ የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም አለ።”

በማግስቱ የመለሰላትን ስታይ ደነገጠች። ቅንድቡ ተለይቷል፣ ከንፈሩ ተለይቷል፣ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን አለ። በደስታ ትልቅ አድርጋ አተመችው።

እማማ ውዴ መጥተው ፎቶውን ተቀበሉና ለረጅም ጊዜ አዩት።

“ይሄ ማን ነው?”

“ምንዋጋው ነው እማማ። ጠርቶ ነው።”

“ቆንጆ ልጅ ነው፣ ለእናቱ ያቆይላት። የእኔ ግን አይደለም።” ፎቶውን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “የእኔ ልጅ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለው። አፉም እንዲህ አይገጥምም፣ ሁልጊዜ ሊናገር እንደፈለገ ነው።”

ዝናሽ ፎቶውን ደግማ አየችው። ፕሮግራሙ ያላየውን ፊት ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶታል። በዓለም ላይ የሌለ ሰው ነበር ከፊቷ የተቀመጠው። እናትየዋ ባይለዩት ኖሮ ሰዉ ሁሉ በዚህ ሰው ላይ ሊያለቅስ ነበር። ፎቶውን በፊቱ ደፋችው።

“መጀመሪያ ያሳየሽኝን ስጪኝ።”

“እሱ እኮ አይታይም፣ እማማ።”

“ለአንቺ ነው የማይታይሽ።”

ቁጭ ብላ አዘጋጀችው። ብርሃኑን ጥቂት ከማስተካከል በቀር ፊቱን አልነካችውም። ከሙሽሮቹ ለይታ ቆርጣ አተመችና በጥቁር ፍሬም አድርጋ ሰጠቻቸው። ማታ ለበሪሁን ደውላ የሆነውን ነገረችው።

“ያንን አጥፊው” አላት። “እኔም ጋ ያለውን አጠፋዋለሁ።”

በአርባው ዕለት ዝናሽ ካሜራዋን ሳትይዝ ሄደች። ዘግይታ ስለደረሰች ከሜዳው ጠርዝ ቆመች። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ፣ አንዲት ዘመድ ፎቶውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ደብዛዛ ፎቶ ከቅርብ ሲያዩት ይበተናል፣ ከሩቅ ይሰበሰባል። ዝናሽ ይህን ከሥራዋ ታውቀው ነበር፤ እንዲህ አድርጋ ግን አይታው አታውቅም። ከሰዉ ራስ በላይ ምንዋጋው ቆሟል፦ ቁመቱ፣ የአንገቱ ዘንበል ማለት፣ ከፍ ያለ ክንዱ። ከተከዜ የመጡት ጓደኞቹ ከመንገዱ ብቅ እንዳሉ አዩት። የፊተኛው ስሙን ጠርቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ክረምቱ ሲወጣ እማማ ውዴ እንደገና ፎቶ ቤት መጡ። የበግ ፀጉር ፈትለው፣ በእጃቸው ጎንጉነው የሠሩትን የካሜራ ማንገቻ ከጉያቸው አወጡ።

“ያንገትሽ ማንገቻ ማለቁን ያን ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢበጠስ ዕቃሽ ይሰበርብሻል።”

ዝናሽ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇን ያዟት። ሱፉ አንገት ይበላል። ነጠላዋን ከሥሩ አድርጋ ታነግተዋለች።

አሁን ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን አንስታ ስትጨርስ ወደ ዳሱ ጠርዝ ትሄዳለች። ጠላ የሚቀዳውን፣ ውኃ የሚያስታጥበውን፣ እንጨት የሚፈልጠውን ተጠግታ በየተራ ታነሳለች። “እኛን አንሺ እንጂ፣ እነሱን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?” የሚል ሙሽራ አይጠፋም። “መጣሁ” ትላለች።

ባለፈው ጥር ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ወጥ የምታማስል ሴት ካሜራውን ስታይ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች።

“እኔንማ ተይኝ፣ ጭስ በጭስ ሆኛለሁ።”

ዝናሽ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ፣ ነጠላውን እስክታወርድ ቆማ ጠበቀቻት።