ሁለተኛዋ ዓይን

«ምን በድለውሽ ነው ባንድ ዓይን ያስቀረሻቸው?»

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን እማሆይ የሱቃችንን ግድግዳ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ሠዓሊዋን ሲቆጧት መንገዱ በሰው ተሞላ።

ገበያተኛው ፊቱን ወደ አዲሱ መንገድ ካዞረ ወዲህ፣ የኛ የደብረ ታቦር መሀል መንገድ ጭር ብሎ ነበር። ሰሞኑን ለግድግዳ ሥዕል ፌስቲቫል የመጡ ሠዓሊዎች ሱቆቹን ቀለም እያለበሷቸው ነው። አንዷ ልብስ ሰፊውን አባቴን፣ ስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ከጎኑ ሣለችው።

እኔ ወድጄው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ከጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው።

አባቴ ሙስሊም ነው፤ ምንም አልመሰለውም። «ይተዉት እማሆይ፤ እኔም መርፌ ላይ ክር የማስገባው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«አይሆንም! ቀሚሴን ሲሰፉልኝ የኖሩ ሰው ከሰይጣን ጋር አይቆጠሩም!»

ሠዓሊዋ ሳቀች። መሰላሏ ላይ ተመልሳ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረችው። ሁለተኛዋ ዓይን ስትወጣ መንገዱ በጭብጨባ ተናጋ።

(አፍንጫው ትንሽ ጠምሟል። እማሆይ «ስለ አፍንጫ የተጻፈ የለም» ብለው አለፉት።)

ከሰዓት በኋላ ከጉና የወረዱ ገበያተኞች ግድግዳው ፊት ቆመው «እኒህ ሰው አሁንም ይሰፋሉ?» ሲሉ ሰማሁ።

ሱቁን ጨርሶ ሊዘጋ አስቦ የነበረው አባቴ ከውስጥ «ግቡ!» አለ።

ሠዓሊዋን አላህ ይስጥልኝ። እማሆይን ግን ምን ብዬ ላመስግን? አባቴን ከጻድቃን ጋር አስቆጠሩልኝ።

እናንተስ? ለቤተሰባችሁ እንዲህ የተቆጣላችሁ ጎረቤት ማን ነው?