አብሮ የሚቀመጥ ሰው

ባለፈው ሳምንት ከሰፈሬ ታክሲ ማዞሪያ አጠገብ ዝናቡ ድንገት ሲወርድ የአንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ጋሪ ተንጋደደና አንድ ብርቱካን ተንከባልሎ የጎርፍ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሌላው ሰው ብርቱካኑን ሲያይ እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያም ጃንጥላዬን አጥፌ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ በቦዩ ዳር ዳር ከብርቱካኑ እኩል ለመሮጥ ሞከርሁ። ሻጯ "አባባ፣ ይተዉት፣ ሌላ እሰጥዎታለሁ" ብላ አዘነችልኝ። የሮጥሁት የውሃውን ፍጥነት ለማወቅ መሆኑን ብነግራት የባሰ ታዝንልኝ ነበር፤ ስለዚህ የሰጠችኝን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ሄድሁ። ቤት ገብቼ ስልጠው ግን ያ ሽታ እጄ ላይ ቀረና አሶሳ ወሰደኝ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የቢሮአችን ማኅተም ከወንበሮቹ ቀድሞ ስለደረሰ ቆመን ስንፈርም እንውል ነበር። እኔ ከደሴ ተመድቤ የሄድሁ የውሃ ቴክኒሻን ነበርሁ፤ ዕድሜዬ ከጎረምሳነት አልፎ ከሽማግሌነት ያልደረሰ፣ ፀጉሬ ደግሞ ሳያማክረኝ ዝውውር ጠይቆ መውጣት የጀመረ። ሁላችንም ከየአገሩ የመጣን ስለነበርን ከተማው ውስጥ የማንም እናት፣ የማንም አጎት አልነበረም። የተከራየሁት ክፍል ቆርቆሮ ላይ የማንጎ ዛፍ አዘንብሎ ነበርና ፍሬው በበሰለ ቁጥር ዱብ ሲል፣ ሰው በር የመታ እየመሰለኝ ተነሥቼ እከፍታለሁ። ማንጎ መሆኑን ካወቅሁ በኋላም መክፈቴን አልተውሁም።

በዚያ በጋ ነው አጥኚዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት። ከሆሞሻ ወዲያ ያለውን ወንዝ፣ ውሃውን፣ ዓሣውን፣ ዳሩ ላይ የሚሰፍረውን ወፍ ሊያጠኑ ነበር፤ ቢሮዬም እኔን ጨመረላቸው። ዓሣ የሚያጠና አንድ ዶክተር፣ ውሃውን በጠርሙስ እየቀዳች የምትመረምር ሰብለ የምትባል ወጣት፣ መኪናውን የሚነዳ ጋሽ ተካ፣ በቃ እነዚህ ናቸው። የሰፈርነው ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ የበርታ ገበሬ ማሳ ዳር ነበር። ሼሁ ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር፤ ሰላምታ ላይ ብቻ ቃል የማይቆጥቡ ሰው ነበሩ።

የኔና የሰብለ ሥራ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ መለካት ነበር። ወንዙ ዳር ሁለት ካስማ ተክለን፣ እኔ ከላይኛው ካስማ ብርቱካን እጥላለሁ፤ እሷ ከታችኛው ቆማ ሰዓት ይዛ ትጠብቃለች። ብርቱካን የተመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይገፋውም ተብሎ ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ የማንጎ አገር ተቀምጠን ብርቱካን ለምን እንፈልጋለን አልሁና አንድ ያማረ የበሰለ ማንጎ ወረወርሁ፤ እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ሰብለ ታች ሆና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ የማይመጣውን ማንጎ ስትጠብቅ ቆየች፣ ከዚያ ስቃ ስቃ ካስማው ላይ ተደገፈች። እኔም በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ስጥል እየሸኘሁት የምቆየው እጇ ላይ እስኪደርስ ነበር።

በጋው እያለቀ ሲሄድ ጭንቀት ያዘኝ። ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጥ ሊሄዱ ነው። ራሴ እንዳልነግራት፣ ሥርዓት የማያውቅ እንዳትለኝ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ ብቻ። ሽማግሌ መላክ አለብኝ አልሁ። ግን ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ጋሽ ተካን ለመንሁ፣ ሼህ ኢድሪስን ለመንሁ፤ ሦስተኛ አጣን። ወደማን ይሂዱ? አባቷ አዲስ አበባ ናቸው። ተመካክረን፣ ለዚህ በጋ አባቷ አለቃዋ ነው ብለን ወሰንን።

ዶክተሩን ያገኙት ዓሣ በመለኪያ ጣውላ ላይ አጋድሞ ሲለካ ነው። ሙሽራው አብሮ ስለማይሄድ እኔ መኪናው ጀርባ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ጋሽ ተካ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጀመሩ፤ ዶክተሩ መጀመሪያ ስለ ደመወዝ ጭማሪ የመጡ መስሎት ቢሮ ጠይቁ አለ። ነገሩ ሲገባው ተቀመጡ ብሎ ሣጥን አቀረበ።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ተካ።

"እኔ እኮ የዓሣ ሰው ነኝ" አለ ዶክተሩ፣ ዓሣውን እንደያዘ።

ሼህ ኢድሪስ በመሃል "ዶክተር፣ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ብቻ ፀጉር የለውም፤ ማሌሽ" ብለው ጨመሩልኝ። ማሌሽ፣ ምንም አይደል ማለታቸው ነው።

በዚህ ላይ ሰብለ ጠርሙሶቿን ይዛ ከወንዙ ወጣች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመው፣ አለቃዋ ዓሣ ታቅፎ ስታይ ነገሩን ጠየቀች፤ ነገሯት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። ጠርሙሶቹን አስቀምጣ ቀጥታ ወደ መኪናው ዞረች።

"ና፣ ውጣ" አለችኝ።

ወጣሁ። ሱሪዬ ላይ የጎማው ጭቃ ነበረ።

"የፈለግኸው እኔን አይደለም" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። "አሶሳ ላይ አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ነው የፈለግኸው። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም፤ ገና ብዙ ወንዝ አለብኝ። አትቀየመኝ።"

አልተቀየምሁም። እውነቷን መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ሄዱ። ዝናቡ መጣ። ቢሮዬ ግን ልኬቱ ይቀጥል አለ፤ ረዳት ደግሞ የለም። ስለዚህ ብርቱካኑን ከላይ እጥልና ሰዓቴን ይዤ፣ ቡትስ ጫማዬን እየጎተትሁ፣ ታችኛው ካስማ ላይ እሱ ሳይደርስ ለመድረስ በዳር ዳር እሮጣለሁ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። ብዙውን ጊዜ ብርቱካኑ ይቀድመኛል።

አንድ የገበያ ቀን አሶሳ ቤቴ በር ሲመታ፣ ማንጎ ነው ብዬ ከፈትሁ፤ ሼህ ኢድሪስ ናቸው። ከሰላምታው በኋላ ከቀርከሃው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ለስላሳ አስመጣሁ፤ ቀመስ አድርገው ዝም አሉ። ቸገረኝና ምን ልታዘዝ አልኋቸው።

"ምንም። ልጅቷ ምን አለ? አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል አለ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄድሁ፣ ባዶ እጄን ተመለስሁ፤ ይሄ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው። እንግዲህ መጣሁ። ኻላስ፣ በቃ።"

አሶሳ እስከኖርሁ ድረስ ለገበያ በመጡ ቁጥር ይመጣሉ፤ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የማንጎው ጥላ ከግድግዳው ወርዶ ደጃፉን ሲያልፍ አብረን እናያለን። ሚስት ሳላገባ ቀረሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሽማግሌ አጥቼ እላለሁ፤ ውሸት ነው፣ ሽማግሌስ ነበረኝ። የሰብለን ፊት ዛሬ ላስታውስ ብል ከግንባሯ ላይ ካለው እጇ በቀር አይመጣልኝም፤ የሼህ ኢድሪስን ዝምታ ግን በየትኛውም ገበያ መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስዛወር ስልክ ገና አልነበራቸውም። ሞባይል ሆሞሻ ሲደርስ ልጃቸው ደውሎ ያገናኘን ጀመር። ረጅሙን ሰላምታ እንጨርሳለን፤ ከዚያ እሳቸውም ዝም፣ እኔም ዝም፤ ከወዲያ በኩል የማሽላው ቅጠል ሲንሿሿ፣ ዶሮ ሲጮኽ እሰማለሁ፤ ካርዱ እስኪያልቅ።

ከሞቱ ቆዩ። ልጃቸው አሁንም እየደወለ ይጠይቀኛል፤ አባቱ አደራ ብለውታል መሰለኝ። መልካም ልጅ ነው። ብቻ ያወራል።