በፎቶዬ ላይ የጠፋው ማተብ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ጥቁርና ነጩን ፎቶግራፍ በእጁ ቀለም እየቀባ ሙት ያስነሳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥጥ የተጠቀለለባትን ስንጥር ቀለም አስነክቶ ጉንጭ ላይ ሲያዞራት፣ ከሳንጃ ቆላ በወባ ገርጥቶ የመጣ ሰው እንደ በርበሬ ቀልቶ ይወጣል።

እኔ ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። በዳባት መንገድ ኮሶዬ በምትባል አገር ያለች የቄስ ልጅ እንቅልፍ ነስታኝ ሽማግሌ ልልክ ስነሳ፣ አባቷ «መልኩን ሳላይ አልሰጥም» ማለታቸውን ሰማሁ። ወዲያው ሮጬ ፎቶ ተነሳሁ።

«ቀለም እንዳትሰስትብኝ!» አልሁት ፎቶ አንሺውን።

አልሰሰተም! ጉንጬ ቀላ፣ ግራጫው ኮቴ ሰማያዊ ሆነ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ሰው በሕይወቴ አላየሁም፤ «ጤና ይስጥልኝ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ኩምሽሽ ብለው ተመለሱ።

«ምነው አያ?» አልሁ ትልቁን።

«ምነው ይለኛል ደግሞ! ቄሱ ፎቶህን አዩና ‹ማተቡን ለበጠሰ ልጄን አልሰጥም› ብለው አባረሩን።»

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድሁ። ማተቤ አለ! ፎቶውን ባየው ግን አንገቴ እንደ ተላጠ እንቁላል ነው። ወደ ፎቶ አንሺው በረርሁ።

«አንገቴ ላይ የነበረችው ክርስ?»

«ክር ነበረች እንዴ? ጭረት መስላኝ በምላጭ ፋቅኋት። ምልክቷ እንኳ የለም፣ አየህ?» አለኝ፣ ኩራቱ!

ወደ ዳባት ጨው የሚወስድ የጭነት ማኪና ላይ ተንጠለጠልሁ። ከችኮላዬ ብዛት ዳገቱን ማኪናውን የገፋሁት እኔ ነኝ።

ኮሶዬ ወርጄ ቤታቸው ስደርስ ቄሱ ጓሮ ተቀምጠው ብራና ይጽፋሉ። መስቀል ተሳልሜ የሸሚዜን አንገት ከፈትሁላቸው። ማተቤን ሳብ አድርገው አዩት።

«ላብ የጠገበ ነው፤ ዛሬ የታሰረ አይደለም» አሉ። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማተቡስ እሺ። ይህ ቀይ ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«አንተማ ጠይም ነህ!»

«የከተማ ቀለም ነው፣ አባ።»

ከበሩ ጀርባ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። የእሷ ነው!

ቄሱ ብርዓቸውን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነከሩ። «ቀና በል!» ብለው አንገቴን እያዩ ፎቶው ላይ ማተብ ይስሉልኝ ጀመር። እጃቸው የለመደው ወፍራም የብራና ፊደል ነውና የበሬ ገመድ የሚያህል ማተብ ወጣ።

«አሁን ሸጋ ሆነ። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ» አሉኝ።

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ጎንደር የተመለስሁት በማኪና ይሁን በክንፍ እስካሁን አላውቅም።

ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። እንግዳ ሁሉ «ይህ ገመድ ምንድን ነው? ሊሰቅሉህ ነበር እንዴ?» ይለኛል። ሚስቴ አፌን ሳልከፍት ትቀድመኛለች፦

«አባቴ ነው ያሰረው፤ እንዳይሸሸኝ።»