ልጄ ስለ ጠዋቶቹ የዘፈነች ቀን

የእኛ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት፣ ሁዳዴ እኩሌታ ላይ፣ ትልቋ ልጄ እዚህ ኖርዌይ፣ ማዮርስቱን በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ እንደምትዘፍን ነገረችኝ። ዘፈን የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴ ሲለወጥ አይታ ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ጭፈራ የለበትም፤ ከበሮ የለበትም። አራት ሰዎች ጊታራቸውን ይዘው በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የሚዘፍኑት የራሳቸውን ድርሰት ነው። ካንትሪ ነው፤ አሜሪካናም ይሉታል። አንዱ ሲዘፍን ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ደስ ካላቸው በቀስታ ያጅባሉ፤ ከዚያ ተራው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እንዲህ እያሉ ሦስት ዙር።

ካንትሪውን እንኳ አውቀዋለሁ። አባቴ አዲስ አበባ ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ቋንቋውን ሳይሰማ አብሮ የሚተክዝበት ሙዚቃ ነው። ነገሩን በዚያው በተውኩት ነበር፣ ጫማዋን እያሰረች የመጨረሻዋን ባትጨምር ኖሮ።

«ሁሉም ከመዝፈኑ በፊት ዘፈኑ ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ እማዬ። ደንቡ ነው። እውነተኛውን ታሪክ።»

ያንቺስ ከየት ነው የመጣው አልኳት።

«ከትሮስተሩዱ ቤት። ስለ ጠዋቶቹ ነው» አለችና በሩን ዘግታ ሄደች። እኔ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ሽንኩርቱ ላይ ቀረሁ።

ያንን ነገር ከእኔና ከነፍስ አባቴ ሌላ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለቤቴ እንኳ አያውቅም። ትሮስተሩድ የኖርነው አንድ የበረዶ ክረምት ብቻ ነው። እሱ ወደ ሰሜን ሄዶ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔ እዚያው ሰፈራችን ያሉ የሦስት ብሎኮችን ደረጃ ማጽዳት አገኘሁ፤ ሰው ሳይወጣ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንዲት ጎረቤቴ እየመጣች ልትጠብቅልኝ ተስማምታ ሁለት ሳምንት ከመጣች በኋላ አመማትና ቀረች። ይህን ሥራ ብተው ሌላ አላገኝም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የተኛች ልጄን በእመቤታችን ስም አማትቤባት፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ እወጣ ጀመር። ስመለስ ሁልጊዜ እንደተኛች ነው የማገኛት። እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲህ አደረግኩ።

በዚህ አገር ሕፃን ቆልፎ መውጣት ምን እንደሚያመጣ ስደተኛ ሁሉ ያውቃል። ባርነቫርን የሚባለውን የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስም እኛ ሰዎች ስናነሳው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ትልቋ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር፤ እሷን ማንም አይወስድብኝም። ትንሿ ግን ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። አንድ ጊዜ ያደረገች እናት ደግማ ታደርጋለች ብሎ የሚጽፍ ሰው ቢነሳስ? ትልቋን ጠርቼ ምን ልትናገሪ ነው እንዳልላት ደግሞ፣ መጠየቁ ራሱ ማመን ሆነብኝ። ምናልባት የምታወራው ስለ ሌላ ጠዋት ከሆነ፣ ያላወቀችውን እኔው ላሳውቃት ነው።

ለነፍስ አባቴ ስልክ ደወልኩ። በጾም ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት መቀመጥ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ማን ነው የሚዘፍነው አሉኝ። ልጄ ናት አልኩ።

«እንግዲያ ልጅሽን ለማየት ሂጂ። ጆሮሽን ቤት ትተሽ መሄድ አትችዪም፤ እሱን እግዜርም ያውቃል።»

የትሮስተሩዱን ነገር አላነሳሁላቸውም። ንስሐውን ሰጥተውኝ ስግደቱን ከጨረስኩ ዓመታት አልፈዋል። ሸክሙ ግን ከጉልበቴ ተነስቶ ደረቴ ላይ እንደቀረ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ባለቤቴ ከትንሿ ጋር አሁን በምንኖርበት ሊንደሩድ ቤት ቀረ። አሥር ሰዓት ይጀምራል የተባለውን እኔ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስኩ። ልጄ ጓዳ ነገር ውስጥ ጊታሯን እየቃኘች ነው ተባልኩ። አዳራሹ ውስጥ አራት ወንበሮች ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ተደርድረዋል። ለእኛ እንዲህ ያለ ወንበር የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በሠርግም በምርቃትም የክብር ወንበር ነው። ልጄ ለወላጅ ያዘጋጀችው መስሎኝ የዳሩን ይዤ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይተው ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታ ሰጥተውኝ ጊታራቸውን ከሣጥኑ አወጡ። ከዚያ በትሕትና ዛሬ ምን እንደምዘፍን ጠየቁኝ።

እኔ ከመዝሙር በቀር አልዘምርም አልኳቸው።

«እሱም ደግ ነው» አሉ። «ግን አራት ናችሁ ነበር የተባልነው። አሁን አምስት ልንሆን ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልነሳ ስል እስኪጀመር ተቀመጪ፣ ወንበሩ አይነክስም አሉኝ። ከሐፍረቴ ይልቅ ጭንቀቴ በልጦ ኖሮ፣ አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ የሆዴን ነገርኳቸው። አራተኛዋ ልጄ ናት፤ የቤታችንን ነገር ልትናገር ነው፤ ታሪኩን ሳይናገሩ ዝም ብሎ መዝፈን አይቻልም ወይ አልኳቸው። ገመና ለሚለው የኖርዌይ ቃል አጥቼ «ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለ ነገር» አልኩ። ገባቸው።

«ሠላሳ ዓመት ስለ አባቴ ዘፍኛለሁ» አሉ ክሩን እየቃኙ። «የተወለደበትን ሸለቆ እናገራለሁ። የፈረሱን ስም እናገራለሁ። ጠርሙሱን ግን አንድ ቀን አንስቼው አላውቅም። ደንባችን እውነት ተናገር ነው እንጂ ሁሉን ተናገር አይደለም።»

ልጄ ይህን ታውቃለች ወይ ብላቸው፣ እሱን አላውቅም፣ ዛሬ ገና ልተዋወቃት ነው አሉኝ።

ሰው መግባት ሲጀምር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሰውዬው አዝነውልኝ ነው መሰለኝ ቫፍል ላኩልኝ። እንቁላልና ወተት ያለበት ስለሆነ ሳልበላው ሳህኑን እንደ አደራ ዕቃ ይዤ ተቀመጥኩ። ዞር ስል ደግሞ ከኋላዬ ማንን አያለሁ? የትንሿ ልጄ ባርነሃገ፣ የመዋዕለ ሕፃናቷ፣ ኃላፊ የነበረችውን ሴት። እጇን አወዛወዘችልኝ። እነሱ ደግሞ ስለ ልጅ መጥፎ ነገር ከሰሙ ለኮሙኑ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ የማመልከት ግዴታ አለባቸው። ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩት።

በመጀመሪያው ዙር ባለ ባርኔጣው ስለ ሸለቆው ዘፈኑ። ባንጆ የያዘች ሴት ስለ ተሸጠ ጀልባ፣ አንድ ጢማም ወጣት ስለ ወታደር ቤት ዘፈኑ። ልጄ ስለ አንድ የዘገየ አውቶቡስ አወራችና ሰው አሳቀች። ተነፈስኩ። በሁለተኛው ዙር ስለ ተለየቻት ጓደኛ ነበር። ደግሜ ተነፈስኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘፈኖቹን ባደነቅኩ፤ ያን ቀን ግን ተራው ሲዞር ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ልጄ ወንበሯን ትንሽ ወደፊት ሳበች።

«ይህ በጣም በጠዋት ስለምትወጣ አንዲት ሴት ነው» አለች በኖርዌይኛ። ከዚያ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። «ስድስት ዓመቴ ነበር። ሴትየዋ በመጨረሻ ከማዶ ያለውን ብሎክ ደረጃ ታጸዳለች። አንድ ፎቅ በወጣች ቁጥር የዚያ ፎቅ መብራት ይበራል። እኔ በኩሽናው መስኮት አያታለሁ። አራተኛው ፎቅ ከበራ ሥራዋን ጨርሳለች፤ አሁን ትመለሳለች ማለት ነው።»

በቃ። ሴትየዋ ምኗ እንደሆነች አላለችም። ስለ በሩና ስለ ቁልፉ አላለችም። ጊታሯን መምታት ጀመረች።

ዘፈኑ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙው አልገባኝም። መስኮት ይላል፣ በረዶ ይላል፣ መብራት ይወጣል ይላል። አዝማቹ ላይ ባለ ባንጆዋ ሴት ከሥር ገባችላት፤ ባለ ባርኔጣው ሰውም ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው አዜሙ፤ ሳያውቁን፣ ስለ እኛ ቤት። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ስስላት በጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበር። ለካ እሷ እኔን ስታይ ነበር የምታነጋው። እኔም ከወዲያ ማዶ፣ መጥረጊያና ባልዲ ይዤ፣ መብራት እያበራሁላት።

ሲያበቃ የባርነሃገዋ ሴት ዓይኗን እየጠረገች ወደ እኔ መጣች። ልጅሽ እንዴት ያለች ናት አለችኝ፤ ሴትየዋስ ጎረቤታችሁ ነበረች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«በጣም ቅርባችን ነበረች» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም። እሷም ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ሄደች፤ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ያኔ ነው።

ማዮርስቱን ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ ልጄ ጊታሯን በጀርባዋ አዝላ ፊቴን ፊቴን ታየኛለች። ተቆጥቼ እንደሆነ ልትለይ እየሞከረች ነበር።

«መቼ ነበር የምትነቂው?» አልኳት።

«ቁልፉ ሲዞር።»

«ታለቅሺ ነበር?»

«የመጀመሪያውን ቀን። ከዚያ መብራቱን አገኘሁት።»

ታዲያ ስመጣ ለምን ተኝተሽ አገኝሽ ነበር አልኳት። ለካ ቦት ጫማዬ ላይ ያለውን በረዶ ለማራገፍ ደጃፉ ላይ ስረግጥ ትሰማና ሮጣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ትገባ ነበር። ነቅቼ ካገኘሽኝ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነበር እንግዲህ።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ» አልኩ። ይህን ለእግዚአብሔር ስንት ጊዜ ብያለሁ፤ ለእሷ ብዬ አላውቅም ነበር።

«አይ፣ እማዬ፣ አንቺ ነሽ ይቅር የምትዪኝ። ስኳሩን እኮ እኔ ነበርኩ የምበላው። ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በማንኪያ።»

ያን ክረምት ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ አይጥ ገባ ብዬ ወጥመድ አጥምጄ ነበር። አልይዝ ሲለኝ መዝገበ ቃላት ፈልጌ፣ ለቤቱ አስተዳደር በኖርዌይኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ሰው መጥቶ ኩሽናዬን በባትሪ ሲፈትሽ አረፈደ። አይጥ የለም ብለው ፈርመው ሲሄዱ እኔ ሥራቸውን የማያውቁ ናቸው ብዬ ታዘብኳቸው።

ይህን ስነግራት ልጄ ጊታሯን አውርዳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። እኔም ምሰሶውን ተደገፍኩ። ባቡሩ መጥቶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ሁለታችንም ከሳቃችን የተነሳ መግባት አቅቶን ቀጣዩን ጠበቅን።